60 ፍየል ልልቀቅበት ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አዳማ ነው የሚኖረው። ምንጃር ውስጥ ከአባቱ የወረሰው፣ ወደ 4 ሄክታር የሚጠጋ ተዳፋት መሬት አለው። አባቱ ካረፉ 9 ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ላይኛውን ክፍል ግራር፣ ክትክታ፣ አጋምና የወፍ ቆሎ ወርሶታል። ታችኛው ተራቁቷል፣ ቦረቦርም ጀምሮታል። አሜሪካ ያለች እህቱ ዋሽንግተን አንድ የቆየ መካነ መቃብር ውስጥ ፍየሎች ቁጥቋጦ ሲያጸዱ አይታ «አንተ ምን ትጠብቃለህ?» ብላዋለች። እሱም 60 ፍየል ገዝቶ ሊለቅበት፣ ቁጥቋጦውን ሊያስጸዳና አፈሩን ሊያለማበት፣ ከዚያም ለፋሲካ ሊሸጣቸው አስቧል። አጎቱ ግን «ፍየል ካስገባህ መሬቱን ጨርሳው ነው የምትወጣው» ብለው ተቆጡ። ማን ነው ልክ?

ወንድሜ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። እህትህ ያየችው እውነት ነው፣ አጎትህም የተናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነው። ልክ ያልሆነው የአንተ ዕቅድ ነው። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ሆነብህ።

ከእህትህ ልጀምር። ኮንግረሽናል የሚባለው የዋሽንግተን መካነ መቃብር እ.ኤ.አ. በ2013 ፍየሎችን ተከራይቶ ነበር። ሐረጉ ዛፎቹን እያነቀ ስለሚጥላቸው፣ ዛፎቹም ሲወድቁ ሐውልቶቹን ስለሚሰብሩ ነው። ፍየሎቹ በመኪና መጡ፣ በሽቦ ታጠረላቸው፣ በሉ፣ ከዚያ መኪና ላይ ተጭነው ሄዱ። እህትህ ፍየሎቹን አይታለች፤ እኔ ብሆን መኪናውን ነበር የማየው። ምስጢሩ ያለው እሱ ላይ ነው። የመውጫ ቀናቸው ከመግባታቸው በፊት ተቆርጧል። እኛ አገር ፍየል ትገባለች እንጂ መቼ እንደምትወጣ ማንም አይነግርህም።

አጎትህ ደግሞ ማስረጃ ሞልቷቸዋል። ትግራይ ውስጥ፣ ውቅሮ አጠገብ ያለችውን አብርሃ ወአጽብሃን ሰምተህ ይሆናል። ያ የተራቆተ አካባቢ ያገገመው ልቅ ግጦሽ ቆሞ፣ እርከንና የውኃ ማቆሪያ ተሠርቶ፣ ለከብቱ ሣር እየታጨደ ቤቱ ድረስ እየመጣለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝተውበታል። እዚያ ሄደህ «መሬት በፍየል አድናለሁ» ብትል ይስቁብሃል። ደግሞ የጋላፓጎስ ደሴቶች አሉልህ። መርከበኞች የተዉአቸው ፍየሎች ተራብተው ዕፅዋቱን ስለጨረሱት፣ ከ140 ሺህ በላይ ፍየል ማስወገድ ግድ ሆኗል።

ግን ተቃራኒውም አለ። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1950 «ፍየል ዕፅዋት ታጠፋለች» ብላ ጥቁር ፍየልን በሕግ ገደበች። ጫካው ሥር ቁጥቋጦ ሞላ። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2010 የካርሜል ተራራ በእሳት ሲነድ 44 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ «ይሄን ማገዶ የሚበላልን ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ጎላ፣ ሕጉም እ.ኤ.አ. በ2018 ተሻረ። ፍየሏ ያው ፍየል ናት። የተለየው የት፣ ስንት ቀን፣ ስንት ሆና ገባች የሚለው ነው። የምነግርህ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የቀን ጉዳይ ነው።

እስቲ አንድ ጠዋት ቁጭ ብለህ እያት። በግ አንገቷን ደፍታ ሣር ትነጫለች፤ ፍየል ቀና ብላ ነው የምትበላው። አጋም ሥር ትደርሳለች። የላይኛው ከንፈሯ እንደ ጣት ይንቀሳቀሳል፣ በእሾህና በእሾህ መሃል ገብቶ ቅጠሉን ብቻ ይለቅማል። የታችኛው ሲያልቅ በሁለት እግሯ ትቆማለች፣ የፊት እግሯን ግንዱ ላይ ታሳርፋለች፣ ቅርንጫፉን በደረቷ ተጭና ታወርደዋለች። ሌሎቹ ከሥር መጥተው የወረደውን ይሻሙታል። ጥላው የነበረበት ቦታ ላይ ፀሐይ ይገባል። ፀሐይ ከገባ ሣር ይመጣል። ፍየል ለመሬትህ የምትሠራው ዋና ሥራ ይሄ ነው።

ቁጥቋጦውን ግን አንድ ጊዜ በመብላት አትገድለውም። ቁጥቋጦ ጎተራው ያለው ሥሩ ላይ ነው። ቅጠሉ ሲበላ ከጎተራው አውጥቶ ሌላ ቅጠል ያበቅላል። አዲሱ ቅጠል እስኪጎለምስ ድረስ የሚኖረው በብድር ነው። ልክ ቅጠሉ ተከፍቶ ሳይጠነክር፣ ጎተራው ሳይሞላ፣ ፍየሏ ተመልሳ ከመጣች ተመቶ ይቀራል። በዝናብ ወቅት ይህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ በደረቁ ወቅት ይረዝማል። ቶሎ ከተመለስክ የሚበላ የለም፣ ከዘገየህ ጎተራው ሞልቶ ይጠብቅሃል። በዚህ መልክ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጃል። በአንድ ክረምት ያለቀ ቁጥቋጦ አላየሁም።

አሁን ወደ 60ዎቹ ፍየሎች። በዛብህ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን ወደ 1 ኪሎ ደረቅ መኖ ትበላለች፤ ከክብደቷ ከመቶ 3 እስከ 4 ማለት ነው። ቁጥቋጦው መሃል ገብተህ 4 ሜትር በ4 ሜትር ካሬ በገመድ ከልል። ፍየል የምትደርስበትን ቅጠልና ለጋ ጫፍ ሁሉ በእጅህ ልቀመው፣ ጆንያ ላይ አስጥተህ አድርቀው፣ መዝነው። 1 ኪሎ ከሆነ በሄክታር 625 ኪሎ ማለት ነው። መሬትህን ወደ 12 ብትከፍለው አንዱ ቁራሽ የሄክታር ሲሶ ይሆናል፤ ወደ 200 ኪሎ ቅጠል ማለት ነው። 30 ፍየል ያንን በ7 ቀን ትጨርሳለች። አንተ ግን በ5ኛው ቀን ታወጣታለህ። 12ቱን ቁራሽ ዞረህ ስትጨርስ 2 ወር ሆነህ፤ መጀመሪያ የተበላው አዲስ ቅጠል አውጥቶ ይጠብቅሃል። ይህ በምሳሌ ነው፣ ያንተን መዝነህ አስላው። እኔ ግን ከ25 እስከ 30 በላይ አትግዛ እልሃለሁ። እንዲያውም በ20 ጀምር።

ለምን በ5ኛው ቀን? ፍየል መጀመሪያ የሚጣፍጣትን ነው የምትበላው። ቀጥሎ የማይጣፍጣትን። ቀጥሎ ልጣጭ። ልጣጭ መላጥ ከጀመረች ሁለት ቀን ዘግይተሃል ማለት ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንድ ባለመሬት አማክር ነበር፤ «በጋውን ይቆዩ፣ ቁጥቋጦው ብዙ ነው» አልኩት። ሚያዝያ ላይ ስመለስ ቁርቁራው ከጉልበት እስከ ደረት ተልጦ ነጭ ሆኗል፣ ለንቋጣው የለም፣ የወይራው ችግኝ የለም። ክትክታው ግን እያብረቀረቀ ቆሟል። አንድ ቅጠል አልተነካም። ያጸዳነው መልካሙን፣ የተውነው መጥፎውን ነበር። ባለመሬቱ ጨዋ ሰው ስለነበር አልተሳደበም። ሻይ አስቀዳልኝና ዝም አለ። ያ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ከፍየሏ በፊት ገጀራ ይገባል። ክትክታን እሷ አትወደውም፣ አንተ ቁረጠው፤ ለማገዶም ለአጥርም ይሆንሃል። ግራሩን ሁሉንም እንዳትጨርስ። በየ8ና 10 እርምጃው አንድ ቀና ያለ ግራር ተው። ሥሩ ናይትሮጅን ይሰጣል፣ ጥላው ሥር ያለው አፈር ከሜዳው አፈር ይሻላል፤ ቆፍረህ ማየት ትችላለህ። የቀረውን ጉልበት ላይ ቁረጠውና ተወው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስንዝር የሚያህል ለጋ ያቆጠቁጣል። ፍየል ለዚያ ነፍሷን ትሰጣለች። መቁረጥ ብቻውን ቁጥቋጦውን ያበዛዋል፣ አንዱ ግንድ አሥር ሆኖ ይመጣል። ፍየል ብቻዋን ደግሞ ከፍ ያለው ላይ አትደርስም። ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ ነው የሚሠራው።

የወፍ ቆሎው ግን ቀልድ አይደለም። በእሱ ላይ «ፍየል ሁሉን ትበላለች» የሚለውን ወሬ እርሳው። ጉበት ይመርዛል። ድሬዳዋ አካባቢ ያየኋት አንዲት ነጭ ፍየል ከዓይኔ አትጠፋም። ከጥላ አልወጣም ብላ ግንብ ተጠግታ ቆማለች። የጆሮዋ ጫፍ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ተኮማትሮ ተሰንጥቋል፣ አፍንጫዋ ዙሪያ ቆስሏል፣ ዓይኗ ውስጥ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ባለቤቷ እከክ መስሎት ቅባት ቀብቷታል። ጉበቷ ሲታመም ከቅጠሉ የገባው ነገር በደሟ ይከማቻል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳዋን ያቃጥላል። ቆዳዋ ነጭ የሆነ ይብስባታል። ጠግባ ብትውል ላትነካው ትችላለች፣ የራበች ግን ትበላዋለች። አንተ ደግሞ ቁጥቋጦውን እንድትጨርስልህ ስትል ማስራብህ አይቀርም። ስለዚህ የወፍ ቆሎ ያለበትን ቁራሽ ከሰው በቀር ማንም አይግባበት። አፈሩ ሲርስ፣ ፍሬ ሳይዝ፣ ከነሥሩ ይነቀል። ጉሎም ካለ እንዲሁ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ፍየሎቹን የት ነው የምትገዛው? ከአዋሽ በኩል፣ ከአፋር አዋሳኝ ገበያ ከሆነ ሆዳቸው ውስጥ የፕሮሶፒስ፣ የዚያ አፋርን የወረረው መጤ እሾሃም ዛፍ፣ ፍሬ ሊኖር ይችላል። ፍሬው ጣፋጭ ነው፣ ይበሉታል፤ ዘሩ ግን ሳይሞት በበጠጡ ይወጣል። በገንዘብህ ቁጥቋጦ ገዝተህ ገባህ ማለት ነው። ከ7 እስከ 10 ቀን አንድ ቦታ አግደህ ድርቆሽ ብቻ ስጣቸው። በጠጡን ጥረግና አቃጥል። የግራርም ፍሬ እንደዚያው ነው፤ ፍሬው በሚረግፍበት ወቅት ፍየል ግራር ትዘራልሃለች። የድሮ በረት ሥር የግራር ችግኝ ለምን እንደሚበዛ አሁን ገባህ።

ለነገሩ አዲስ ፍየል ለሌላም ምክንያት መታገት አለባት። የፍየል ሳንባ በሽታና ደስታ መሰል በሽታ ከገበያ ነው የሚመጡት። ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ሄደህ ክትባቱን አስጨርስና ሦስት ሳምንት ከጎረቤት ፍየል ለይተህ አቆያቸው። ስለ ትላትል ብዙ አትጨነቅ። ፍየል ከጉልበት በላይ እየበላች እስካለች የሆድ ትል ብዙም አያገኛትም። ሣሩን መሬት ድረስ ስትግጥ ነው የምትለቅመው። ይህም ሌላው የ5ኛው ቀን ምክንያት ነው።

የፋሲካው ሽያጭ ላይ ቅር ላሰኝህ ነው። ቁጥቋጦ የምትመነጥር ፍየል አትሰባም። የማትወደውን እንድትበላ ስታስገድዳት ክብደት ትቀንሳለች ወይም ባለችበት ትቆማለች። በአንድ ፍየል ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ አይሆንም። የሚያዋጣው እንዲህ ነው፤ ወጠጤ ወይም ሙክት ትገዛለህ፣ እርጉዝና የምታጠባ አታስገባም። ማታ ማታ ትንሽ ፋጉሎና ፍሩሽካ፣ ጨው ጨምረህ ትሰጣለህ። ፋጉሎው ለሥጋ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ፕሮቲን ያገኘ ሆድ ነው ያንን ደረቅና መራራ ቅጠል የሚፈጨው። ከዚያ ከፋሲካ 2 ወር ቀደም ብለህ ከቁጥቋጦው አውጣቸውና ቤት አስረህ አደልባቸው። ትርፉ ያለው እዚያ ሁለት ወር ውስጥ ነው።

አፈሩ ላይ እንምጣ፤ የጠየቅከኝ እሱን ነው፣ እኔም የምወደው እሱን ነው። ፍየል አፈር አትሠራም። ለምነት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ትሸከማለች፣ በቃ። ቀን ላይኛው ቁጥቋጦ ውስጥ በልታ ማታ የምታድርበት ቦታ ትጥለዋለች። ስለዚህ የት እንደምታድር የምትወስነው አንተ ነህ። አብዛኛው ሰው በረቱን ቤቱ አጠገብ አንድ ቦታ ላይ ይተክለዋል። 10 ዓመት እዚያው በጠጥ ይከመራል፣ መሬቱ ግን ባዶውን ይቀራል። ወለጋ ሄደህ ብታይ በረት እያዘዋወሩ ማሳ ማዳበር የቆየ ልማድ ነው። እኔ አዲስ ነገር እየነገርኩህ አይደለም።

የእሾህ አጥር ከቆረጥከው ግራር ሥራ፤ 6 ሜትር በ6 ሜትር ለ30 ፍየል ይበቃል። የተራቆተው ክፍል ላይ ትከለው። 30 ፍየል በአንድ ሌሊት ወደ 7 ኪሎ ደረቅ በጠጥ ትጥላለች፣ ሽንቱ ሳይቆጠር። በ5 ሌሊት 35 ኪሎ፤ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 1 ኪሎ ማለት ነው። በሄክታር ስታሰላው 100 ኩንታል ሆነ። ከዚያ አጥሩን አንስተህ ጎን ለጎን ታዘዋውረዋለህ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከሆነ በመጨረሻው ማታ የሣር ዘር በትንበት፣ ኮቴያቸው ይጫነዋል። ሮደስ ወይም ቡፌል ሣር ለአንተ ቆላ ቀመስ መሬት ይስማማል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ርግብ አተር ጣል ጣል አድርግበት።

አንድ ነገር ሞክር። በረቱ ተነስቶ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ በቢላ ቆፍረው። አጠገቡ ያለው መሬት እንደ ድስት ቂጥ ደርቆ ቢላውን ሲመልስ፣ በረቱ የነበረበት እስከ እጀታው ይገባልሃል። ከሥሩ ምስጥና ጥንዚዛ ታያለህ፣ የሣር ሥር ታያለህ፣ ትንሽ እርጥበትም። ለአጎትህ የምታሳያቸው ነገር ካለ ይሄ ነው።

የቆረጥከውን ክትክታና ቅርንጫፍ ሁሉ አታቃጥል። በተዳፋቱ አግድም ደርድረው፣ ውኃው ወርዶ እንዲመታው፣ ድንጋይ ጫንበት። ከኋላው ደለል፣ ቅጠልና ዘር ይይዛል። በሁለተኛው ክረምት ሣሩ መጀመሪያ የሚታይህ እዚያ መስመር ላይ ነው። ቦረቦሩን ግን ለፍየል ጨርሶ ዝጋው። ከጠርዙ ቢያንስ 10 እርምጃ ራቅ ብለህ እጠረው። ፍየል ጠርዝ ትወዳለች፤ ኮቴዋ አፋፉን ይንደዋል፣ አንድ ዝናብ ያገኘውና አንድ ሜትር ይሰፋብሃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይም ከተዳፋቱ አውጣቸው፤ በጭቃ ላይ የምትሄድ ፍየል ከምትሰጥህ የምትወስድብህ ይበልጣል። ሣር የያዘው የበረት ቦታ ደግሞ ሣሩ አንድ ጊዜ ዘር እስኪጥል ድረስ አይነካ። ቢያምርህም፣ ጎረቤት ቢለምንህም። በማጭድ ማጨድ ይቻላል፣ ኮቴ ግን አይግባበት።

እረኛ ላይ አትሰስት። የአሜሪካኖቹ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያንተ እረኛ ነው። ዙሪያህ የምንጃር ጤፍ ነው፣ ቀልድ አይደለም። አንዲት ፍየል የሰው ማሳ ውስጥ ከገባች የአባትህ ዘመድነት በአንድ ቀን ይረሳል። ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ አይበቃህም፤ ትልቅ ሰው፣ ቅጠል የሚያውቅ ሰው ቅጠር፣ ደህና ክፈለው። ቀበሌውም የልቅ ግጦሽ መተዳደሪያ ደንብ ካለው አስቀድመህ አንብበው።

መቼ ልጀምር ለምትለው፣ ፍየሎቹን አሁን አትግዛ። ገጀራው ይቅደም። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲወጣ ክትክታውን ቁረጥ፣ ግራሩን ጉልበት ላይ ቁረጥ፣ የወፍ ቆሎውን ንቀል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለጋው ያቆጠቁጥልሃል፣ ያኔ 20 ፍየል ገዝተህ አግደህ አስከትበህ ኅዳር ውስጥ አስገባ። በበልጉ ለጋ ደግሞ ሁለተኛውን ዙር ትመታለህ። ለዚያ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቤት ታስረው እየደለቡ ነው የሚሆኑት፣ ሌላ 20 ታዘጋጃለህ። እስከዚያ የተራቆተውን ክፍል ርዝመቱንና ስፋቱን በእርምጃ ለካና ጻፍልኝ፤ በረቱ ስንት ጊዜ መነሳት እንዳለበት ቁጭ ብለን እናሰላዋለን። አጎትህንም ይዘሃቸው ውጣ፣ የትኛው ግራር ይቅር የትኛው ይቆረጥ የሚለውን እሳቸው ይምረጡልህ።